ሞዘልን በብስክሌት መውረድ፦ ከትሪየር እስከ ኮብሌንዝ በአራት ቀን

ሙቀቱ ብቅ ባለ ቁጥር ጀርመንና አካባቢው ካሉ ወገኖች የሚመጣው ጥያቄ አይለወጥም። «የሞዘልን ወንዝ በብስክሌት ለመጓዝ ስፖርተኛ መሆን ያስፈልጋል ወይ? ስንት ቀን ይፈጃል? የሰፈር ብስክሌቴ ይበቃኛል?» ባጭሩ፦ ስፖርተኛ መሆን አያስፈልግም፤ አራት ቀን ይበቃል፤ ፍሬኑና ማርሹ ደህና ከሆነ የሰፈር ብስክሌትም ያደርሳል። ከትሪየር እስከ ኮብሌንዝ መንገዱ ወንዙን ተከትሎ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚያ ሁሉ ርቀት ውሃው የሚወርደው 70 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ሰውን ከመንገድ የሚያስቀረው አቀበት አይደለም። እሑድ የተዘጋ ሱቅ፣ ያልተስተካከለ ኮርቻ፣ ከልክ ያለፈ ሻንጣና ያለ ቦታው የተመረጠ የወንዝ ዳር ነው።

ከመጀመራችን በፊት ሁለት መግባቢያዎች። «ቀኝ ዳር» እና «ግራ ዳር» የምንለው ፊታችሁን ወደ ውሃው መሄጃ፣ ማለትም ወደ ኮብሌንዝ አዙራችሁ ነው። ሰዓቶቹም በሐበሻ አቆጣጠር ሳይሆን የባቡር ጣቢያው ሰሌዳ ላይ እንደምታዩዋቸው ናቸው። በዚህ ተምታቶበት ባቡር ያመለጠው ሰው ጥቂት አይደለም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ለብስክሌቱ፦
- 2 መለዋወጫ የውስጥ ጎማ (ካላማዳሪ)፣ በብስክሌታችሁ ጎማ ልክና በቫልቩ ዓይነት
- የጎማ መለጠፊያ ከነማስቲሹና ከነብርጭቆ ወረቀቱ
- 2 ወይም 3 የፕላስቲክ ጎማ ማውጫ
- ትንሽ መንፊያ፣ ከቫልቫችሁ ጋር የሚገጥም
- ባለ ብዙ ራስ የብሎን መፍቻ፤ ጎማችሁ በብሎን የሚታሰር ከሆነ 15 ሚሊ ሜትር ቁልፍም ጨምሩ
- የካቴና ዘይት በትንሽ ጠርሙስ፣ አሮጌ ጨርቅ፣ 5 የፕላስቲክ ማሰሪያ
- ጠንካራ ቁልፍ፣ የፊትና የኋላ መብራት፣ ደወል

ለሰው፦
- ብስክሌቱ ላይ በግራና በቀኝ የሚታሰሩ 2 ሻንጣዎች፣ ዝናብ የማያስገቡ
- የዝናብ ጃኬት፣ 2 ቅያሪ ልብስ፣ ቀላል ሹራብ
- ስፌቱ ኮርቻው ላይ የማያርፍ ቁምጣ፤ ባለ ስፖንጁ ይመረጣል
- 2 የውሃ ጠርሙስ፣ በድምሩ ቢያንስ 1.5 ሊትር
- በሶ፣ ቆሎ ወይም ዳቦ ቆሎ
- ጥሬ ገንዘብ፣ መታወቂያ፣ የጤና መድን ካርድ፣ የስልክ ባትሪ መሙያ

በሶውን ለጌጥ አልጻፍነውም። ክብደቱ ትንሽ ነው፣ አይበላሽም፣ ምድጃ አይፈልግም፣ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ ጠጥቶ መቀጠል ይቻላል። የፍልሰታ ጾም ከኦገስት 7 ጀምሮ ስለሚውል በዚያ ሰሞን ለሚጓዝ ጿሚ ከመንደሩ ምግብ ቤት ይልቅ የሚታመነው እሱ ነው።

ደረጃ 1፦ ወቅቱን ምረጡ

ሜይ፣ ጁንና ሴፕቴምበር የተሻሉ ናቸው። ጁላይና ኦገስት ሸለቆው ሙቀት ያምቃል፤ በወይን ተክል የተሸፈነው ገደል ፀሐዩን ተቀብሎ ወደ መንገዱ ይመልሰዋል። በብርዱ ወራትና ብርዱ በሚያበቃበት ሰሞን ወንዙ ሞልቶ መንገዱን የሚያጥለቀልቅበት ጊዜ አለ፤ ውሃው ሲመለስም የሚያዳልጥ ደለል ጥሎ ይሄዳል። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት የክልሉን፣ የራይንላንድ ፋልስን፣ የጎርፍ መረጃ ተመልከቱ፤ የምትፈልጉት መለኪያ «ፔግል ትሪየር» ይባላል።

ሴፕቴምበር አየሩ ጥሩ ነው፣ አልጋው ግን ውድ ነው። የወይን በዓላት የሚበዙት በዚያን ጊዜ ነውና ለእንቁጣጣሽ ሰሞን የምታስቡ ከሆነ ማደሪያ ከወራት በፊት ያዙ።

ደረጃ 2፦ ከትሪየር ተነሱ፣ ወደ ኮብሌንዝ ውረዱ

በተቃራኒው መሄድ አይከለከልም። ይህኛው የሚመረጠው ግን ለቁልቁለቱ አይደለም፤ ቁልቁለቱን እግራችሁ አያውቀውም። አንደኛ፣ ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ ስለሆነ ወንዙ ቢጠማዘዝም በድምሩ ከጀርባ ይገፋችኋል። ሁለተኛውና ዋናው የባቡሩ ነገር ነው። ከትሪየር ትንሽ ወረድ ካላችሁ በኋላ የባቡር ሐዲዱ ወንዙን ትቶ በሌላ በኩል ይሄድና የሚመለሰው ቡላይ አካባቢ ነው። ከቡላይ እስከ ኮብሌንዝ ግን፣ ከኮኸም በፊት ካለው የወንዙ ቀለበት በቀር፣ ጣቢያው ብዙ ነው። ከትሪየር ስትነሱ ጉልበት ባላችሁበት ግማሽ ባቡር አይኖርም፤ በደከማችሁበት ግማሽ ባቡሩ አጠገባችሁ ነው።

በመካከለኛው ክፍል አንድ ነገር ቢገጥማችሁ ሁለት መውጫ አለ፦ ከትራበን ትራርባኽ ወደ ቡላይ የሚሄደው አጭር የባቡር መስመር፣ እንዲሁም ብስክሌት የሚጭን ተጎታች ያለው «ሬጂዮ ራድለር» አውቶቡስ። አውቶቡሱ በትሪየርና በቡላይ መካከል የሚሠራው በሞቃቱ ወራት ነው፤ ቦታው ውስን ስለሆነ ቀድማችሁ ያዙ።

ደረጃ 3፦ ቀኑን ከፋፍሉ

ሻንጣ የጫነ ጀማሪ በሰዓት ከ12 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። 50 ኪሎ ሜትር ማለት 4 ሰዓት መንዳት ነው፤ ምሳ፣ ፎቶና ዕረፍት ሲጨመር ከ6 እስከ 7 ሰዓት ይሆናል።

- ቀን 1፦ ትሪየር – ኖይማገን ድሮን፣ 40 ኪ.ሜ ገደማ
- ቀን 2፦ ኖይማገን ድሮን – ትራበን ትራርባኽ፣ 46 ኪ.ሜ ገደማ፤ ቤርንካስቴል ኩዌስ መሃል ላይ ለምሳ
- ቀን 3፦ ትራበን ትራርባኽ – ኮኸም፣ 55 ኪ.ሜ ገደማ
- ቀን 4፦ ኮኸም – ኮብሌንዝ፣ 51 ኪ.ሜ ገደማ

የመጀመሪያው ቀን ያጠረው ሆን ተብሎ ነው። ያ ቀን ኮርቻው የሚታወቅበት፣ የላላው ብሎን የሚንኳኳበት፣ ባቡሩም የሚዘገይበት ነው።

ሦስተኛው ቀን ረጅሙ ቢሆንም ማሳጠሪያ አለው። ከኤዲገር ኤለር በኋላ ወንዙ ትልቅ ቀለበት ሠርቶ ነው ኮኸም የሚደርሰው፤ ባቡሩ ግን 4.2 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ዋሻ ተራራውን ሰንጥቆ በጥቂት ደቂቃ ይወጣል። 20 ኪሎ ሜትር ያህል ትቆጥባላችሁ፤ ባይልሽታይን የምትባለውን መንደር ግን ታጣላችሁ። ጉልበት ያለው አይተዋት።

ርቀት ለማወቅ ስልክ አያስፈልግም። በወንዙ ዳር የተተከሉት የኪሎ ሜትር ሰሌዳዎች የሚቆጠሩት ከወንዙ አፍ፣ ከኮብሌንዝ ነው። ሰሌዳው 51 ካለ ኮብሌንዝ በውሃው መንገድ 51 ኪሎ ሜትር ይቀራል ማለት ነው። አደጋ ቢደርስና 112 ብትደውሉም ይህን ቁጥርና የቆማችሁበትን ዳር ከመንደሩ ስም ጋር መናገር ይጠቅማል።

ደረጃ 4፦ ማደሪያ ያዙ

ብስክሌተኛ የሚቀበሉ ቤቶች «ቤት ኡንት ባይክ» የሚል ምልክት ይለጥፋሉ፤ ለአንድ ሌሊትም ይቀበላሉ፣ ለብስክሌቱም የሚቆለፍ ቦታ አላቸው። ሌሎቹ ቅዳሜና እሑድ ሁለት ሌሊት ካልሆነ አይሆንም ሊሏችሁ ይችላሉ፤ ከእሑድ እስከ ሐሙስ መጓዝ ይህን ጣጣ ያስቀራል። «ጺመር ፍራይ» የሚል ጽሑፍ በር ላይ ካያችሁ ክፍል አለ ማለት ነው፤ አንኳኩ። ድንኳን ለሚይዝ በወንዙ ዳር የካምፕ ቦታ ሞልቷል። ከዚያ ውጭ ወይን እርሻ ውስጥ መትከል አይፈቀድም።

ደረጃ 5፦ ብስክሌቱን ከአንድ ሳምንት በፊት ፈትሹ

የመጨረሻው ሌሊት የተገኘ ብልሽት አይጠገንም፤ ሳምንት የተሰጠውም ለዚህ ነው።

1. ኮርቻ። ተቀምጣችሁ ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አሳርፉ። ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግራችሁ ቀጥ ማለት አለበት፤ ዳሌያችሁ ከተንሸራተተ የኮርቻው ከፍታ በዝቷል፣ ጉልበታችሁ ከታጠፈ አንሷል። ከዚያ በእግር መዳፍ የፊት ክፍል ስትነዱ ጉልበቱ በልኩ ይታጠፋል። ያነሰ ኮርቻ ጉልበትን ፊት ለፊት ያሳምማል፣ የበዛው ደግሞ ከኋላ።
2. ጎማ። 40 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ላለው ጎማ ከነሻንጣው ከ3.5 እስከ 4 ባር ይበቃል። ጎኑ ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ መጠን አትለፉ። ያልሞላ ጎማ ጠጠር ሲረግጥ ካላማዳሪው በቸርኬውና በድንጋዩ መሃል ተቆንጥጦ ይበሳል። የኋላው ብዙ ክብደት ስለሚሸከም ከፊቱ ትንሽ ይጨመርለት።
3. ፍሬን። እጀታው ማኑብሪውን ከነካ ገመዱን አጥብቁ። የፍሬኑ ጎማ ላይ ያሉት ጭረቶች ከጠፉ ቀይሩት።
4. ካቴና። ዘይት ቀቡ፣ ፔዳሉን ወደ ኋላ ጥቂት ዙር አሽከርክሩ፣ ከዚያ ትርፉን በጨርቅ ጥረጉ። የሚሠራው ውስጥ የገባው ዘይት ነው፤ ውጭ የቀረው አቧራ ሰብስቦ ጥርሱን ይበላል።
5. ሙከራ። ሻንጣውን እንዳለ ጭናችሁ 20 ኪሎ ሜትር ንዱ። ባዶ ብስክሌት ላይ የተደረገ ሙከራ ስለ ጭነቱ የሚነግራችሁ ነገር የለም።

ለምትከራዩ፦ የቫልቩን ዓይነት ጠይቁና ካላማዳሪና መንፊያ በዚያው ልክ ያዙ። ጀርመን ውስጥ ሦስት ዓይነት ቫልቭ ይገኛል፤ የመኪናው፣ ቀጭኑ ባለ ብሎን ጫፍና የድሮው የሰፈር ብስክሌት ቫልቭ።

ደረጃ 6፦ ሻንጣውን ጫኑ

ጠቅላላው ከ12 ኪሎ አይለፍ። ለሁለት ሚዛናዊ ክፍል ከፍሉት፤ ከባዱን ዕቃ ከታች፣ ወደ ብስክሌቱ አካል ጠጋ አድርጉ። ክብደቱ ከላይ ሲሆን ብስክሌቱ በየመታጠፊያው ይወዛወዛል፤ ወደ ኋላ ሲበዛ ደግሞ መሪው ይቀላል። ፖርቶመጋላው ላይ ጥቅል ስታስሩ የተንጠለጠለ ገመድ አትተዉ፤ የኋላ ጎማ ውስጥ የገባ ገመድ ጎማውን ባንዴ ይቆልፈዋል። የዝናብ ጃኬት፣ መንፊያና ምግብ ከላይ ይሁኑ። የጀርባ ቦርሳ አትሸከሙ፤ ወገብ ላይ ያለ 5 ኪሎ በሁለተኛው ቀን መቀመጫችሁን ያቆስላል።

ደረጃ 7፦ ባቡሩን አመቻቹ

ከኮብሌንዝ ወደ ትሪየር የክልል ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። የዶይችላንድ ቲኬት (አገር አቀፉ ወርሃዊ ቲኬት) ሰውን እንጂ ብስክሌትን አያካትትም። በራይንላንድ ፋልስ ውስጥ ግን በክልል ባቡሮች ብስክሌት ከሰኞ እስከ ዓርብ ከ9፡00 በኋላ፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ቀኑን ሙሉ፣ ቦታ ካለ በነጻ ይጫናል። ከኮሎን አቅጣጫ የምትመጡ ለመጀመሪያው ክፍል የብስክሌት ቲኬት ቁረጡ። በረጅም ርቀት ፈጣን ባቡሮች ያለ ቀድሞ ምዝገባ ብስክሌት አይገባም።

«ቦታ ካለ» የምትለዋን አትናቋት። ፀሐያማ ቅዳሜ ጠዋት ሠረገላው ሞልቶ ይመጣል፤ የሚቀጥለውን ባቡር ሰዓት ይዛችሁ ውጡ። ሊፍት የሌለው ጣቢያ ስላለ ሻንጣውን አስቀድማችሁ ፍቱት። የኤሌክትሪክ ብስክሌት ከነሻንጣው ደረጃ ላይ የሚወጣ ሰው እስካሁን አላየንም።

ደረጃ 8፦ መንገድ ላይ

ትሪየር ውስጥ ከፖርታ ኒግራ (ከጥንቱ የሮማውያን በር) ወደ ወንዙ ውረዱና ነጭ ላይ በአረንጓዴ የተጻፉትን የብስክሌት አቅጣጫ ሰሌዳዎች ተከተሉ። የሞዘል ራድቬግ፣ ማለትም የሞዘል ብስክሌት መንገድ፣ ምልክት ከሥራቸው ይንጠለጠላል።

ብዙ ቦታ መንገዱ በሁለቱም ዳር አለ፤ ጥያቄው የትኛው ይሻላል ነው። ድልድይ ላይ በደረሳችሁ ቁጥር ቆም ብላችሁ ካርታ እዩ። መኪና መንገዱ የሚሄድበትን ዳር ለመኪናው ትታችሁ ሌላውን ያዙ፤ የማደሪያችሁን ዳር ግን አስቀድማችሁ እወቁ። ማዶ ላይ ሆናችሁ ሆቴላችሁን እያያችሁ እስከሚቀጥለው ድልድይ መንዳት የዚህ ሸለቆ ዋነኛ ብስጭት ነው። አንዳንድ መንደር ጀልባ ያሻግራል፤ ግን በምሽት፣ በጎርፍና ከወቅቱ ውጭ አይሠራም፣ አትመኩበት።

በመጨረሻው ቀን ዝናብ ወይም ድካም ካለ ግራውን ዳር ያዙ። ከኮኸም እስከ ኮብሌንዝ መግቢያ ያሉት ጣቢያዎች ሁሉ በዚያ በኩል ናቸው። ሞዘልከርን ላይ ብስክሌቱን ቆልፎ ወደ ኤልትስ ግንብ በእግር መውጣት ይቻላል፤ መሄጃው ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ ስለሚወስድ ያን ቀን ርቀቱን ቀንሱ።

በየ45 ደቂቃው 5 ደቂቃ ከኮርቻ ውረዱ። ሜዳ መንገድ ከአቀበት የሚለየው በዚህ ነው፤ አቀበት ላይ ሰው ሳያስበው ብድግ ይላል፣ ሜዳ ላይ ግን አንድ ቦታ ተቀምጦ ሰዓታት ስለሚነዳ የሚጎዳው መቀመጫውና የእጁ መዳፍ ነው። ማርሹንም ቀለል አድርጋችሁ እግር ቶሎ ቶሎ እንዲዞር አድርጉ፤ ከባድ ማርሽ በዝግታ መርገጥ ጉልበት ይጨርሳል።

ደረጃ 9፦ ምግብና ውሃ

ጀርመን ውስጥ እሑድና በበዓል ቀን ሱፐርማርኬት ዝግ ነው። ትናንሽ መንደሮች ደግሞ በሥራ ቀንም ሱቅ የላቸውም። ስለዚህ የእሑድን ምግብ ቅዳሜ ግዙ፤ ዳቦ ቤት እሑድ ጠዋት ለጥቂት ሰዓት ብቻ ይከፈታል። ምግብ ቤቶች ከምሳ በኋላ ወጥ ቤታቸውን ስለሚዘጉ 15፡00 ላይ ትኩስ ምግብ አትጠብቁ። ለጿሚ፦ የተጠበሰ ድንች ስታዙ «ኦነ ሽፔክ» በሉ፤ አለዚያ የአሳማ ሥጋ ተቆራርጦበት ሊመጣ ይችላል።

ውሃውን ማደሪያችሁ ቧንቧ ሞልታችሁ ውጡ። «ካይን ትሪንክቫሰር» የተጻፈበት ቧንቧ አይጠጣም።

ደረጃ 10፦ ጎማ ሲተነፍስ

1. ከመንገዱ ውጡ፣ ሻንጣውን አውርዱ። የተነፈሰው የኋላው ከሆነ ካቴናውን ወደ ትንሹ ጥርስ አምጡት፤ ጎማው ሲወጣም ሲገባም የሚቀለው እዚያ ላይ ነው።
2. ፍሬኑን አላሉ፣ ጎማውን አውጡ፣ የቀረውን አየር ጨርሳችሁ ልቀቁ።
3. የውጩን ጎማ ጠርዝ ዙሪያውን ጨምቃችሁ ወደ ቸርኬው መሃል ጉድጓድ አስገቡት። ይህ ካልተደረገ ጠርዙ አይላላም፣ ማውጫውም ይሰበራል። ከዚያ ከቫልቩ ተቃራኒ በኩል በማውጫው ጀምሩ።
4. ካላማዳሪውን አውጥታችሁ መንስኤውን ፈልጉ። የውጩን ጎማ ውስጡን በጨርቅ ዳብሱት፤ በባዶ ጣት ከሆነ መስታወት ይቆርጣል። እሾሁ ሳይወጣ የገባ አዲስ ካላማዳሪ ብዙ ሳይሄድ ይተነፍሳል።
5. አዲሱን ቅርጹን እስኪይዝ ጥቂት ንፉት፣ መጀመሪያ ቫልቩን አስገቡ፣ ጠርዙን በእጅ እየገፋችሁ ቫልቩ ጋ ጨርሱ። መጨረሻው ሲጠብቅ በማውጫ አትገፍትሩት፤ አዲሱን የሚበሳው እሱ ነው።
6. ግማሽ ንፉ፣ ካላማዳሪው በጠርዙ ሥር ብቅ አለማለቱን በሁለቱም ጎን እዩ፣ ከዚያ ሙሉውን ንፉ።

የተበሳውን ማታ ለጥፉት። ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ፣ ማስቲሹን በስሱ ቀቡና 5 ደቂቃ ያህል እንዲደርቅ ተዉት። ማስቲሹ እርጥብ እያለ የተለጠፈ አይይዝም።

ማስጠንቀቂያዎች

- ወይን ጠጅ። በየመንደሩ ይቀርባል። ደማችሁ ውስጥ 1.6 ፕሮሚል (ከሺህ 1.6 እጅ) የደረሰ አልኮል በብስክሌትም ወንጀል ነው፣ የመኪና መንጃ ፈቃድንም ሊያስነሳ ይችላል። ተወላግዳችሁ ከነዳችሁ ወይም አደጋ ካደረሳችሁ 0.3 ላይም ያስጠይቃል። ገዝታችሁ ማታ ቅመሱ።
- ስልክ። እየነዱ ስልክ በእጅ መያዝ 55 ዩሮ ያስቀጣል። ማኑብሪው ላይ እሰሩት።
- ቅድሚያ። ምልክት በሌለው የመንደር መስቀለኛ መንገድ ከቀኝ የሚመጣው ያልፋል።
- የእርሻ መኪና። ብዙው መንገድ የወይን ገበሬዎቹ ነው። ትራክተር ሲመጣ ቆማችሁ አሳልፉ። በአጨዳ ወቅት የተረገጠ ወይንና ጭቃ እንደ ሳሙና ያዳልጣል፤ እዚያ ላይ ፍሬን በመታጠፊያ አትያዙ።
- የመድኃኒት ርጭት። በሞቃቱ ወራት ገደላማው እርሻ በሄሊኮፕተር ወይም በድሮን ይረጫል። መንገድ ከተዘጋ ጠብቁ፤ ከሥሩ አትለፉ።
- ሐዲድና ኮብልስቶን። ሐዲድን ቀጥ ብላችሁ ተሻገሩ፤ በሰያፍ ከሄዳችሁ ጎማው ይገባል።

የተለመዱ ስህተቶች

በመጀመሪያው ቀን 80 ኪሎ ሜትር ማቀድ፤ የሚቻል ይመስላል፣ በሁለተኛው ቀን ግን ኮርቻ ላይ መቀመጥ ያቅታል። አዲስ ኮርቻ ለጉዞው ዋዜማ መግዛትም እንደዚያው ነው። ከቁምጣው ሥር የውስጥ ሱሪ መልበስ፦ ስፌቱ ቆዳ ይልጣል፣ ባለ ስፖንጁ የተሠራው በባዶ ገላ እንዲለበስ ነው። ካርድ ብቻ ይዞ መውጣት፦ ትናንሽ ማደሪያዎችና ጀልባዎች ጥሬ ገንዘብ ብቻ የሚቀበሉበት ጊዜ ብዙ ነው። በቡድን ሲኬድ ደግሞ ፈጣኑን ከፊት ማድረግ፤ ደካማውን አስቀድሙ፣ መንፊያ የያዘው ከኋላ ይሁን። መንፊያው ከፊት ከሄደ ጎማው የተነፈሰበት ሰው ብቻውን ቆሞ ይቀራል።

ኮብሌንዝ ስትገቡ ሞዘል ከራይን የሚገናኝበት ዶይቸስ ኤክ ያለው በቀኝ ዳር ነው፤ በግራ የመጣችሁ ከተማው ውስጥ ተሻገሩ። ከዚያ እስከ ዋናው ባቡር ጣቢያ በሕዝብ መሃል የምትገፉት ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ይቀራል። ከባቡራችሁ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ።